ያገለገለች ሞተር፣ የቤተሰብ አደራ

ያገለገለ ዕቃ መግዛት በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። ልብሱም፣ ሬዲዮኑም፣ የስፌት መኪናውም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስንቱን ቤተሰብ አቁሟል። ይሁን እንጂ ያገለገለ ኮት ቁልፉ ቢረግፍ የሚያመጣው ብርድ ነው፤ ያገለገለች ሞተር ብስክሌት ፍሬኗ ቢከዳ የሚመጣውን ግን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሞተር የገዛ ቤተሰብ በየማለዳው ወጥቶ በየማታው መመለስ ያለበትን የአንድ ሰው ነፍስ በዚያች ብረት ላይ አስቀምጧል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም እኛ ቤት ከቆየች አንዲት ያማሃ ሞተር የተማርነውን ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ መተዳደሪያዬ ማስተማር ነው። ሆኖም በእነዚያ አራት ዓመታት ቤታችን በሙሉ፣ እናታችን ሳትቀር፣ ስለ ፍሬንና ስለ ካቴና የሚያወራ ሆኖ ነበር። የተማርነውም ከብረት ሥራ አልፎ ወደ ሌላ ነገር ወሰደን። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ሞተሯ ልንገራችሁ።

ሞተሯና መንገዷ

ታናሽ ወንድሜ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ የራሱ ሱቅ ስላልነበረው መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም አልፎ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ በገበያ ቀን ይወርዳል። በመኪና ሲሄድ ከሚያገኘው ገንዘብ ብዙውን ትራንስፖርት ይበላበታል፤ ሲመሽም መኪና ያጣል። አባታችን በጡረታ ቤት ስለዋሉ የቤቱ ወጪ በእኔ ደመወዝና በእርሱ ከረጢት ላይ ነበር። ስለዚህ ሞተር መግዛት የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

የገዛት ያማሃ ኤጂ 100 የምትባለውን ነው። ኤጂ የሚሉት ሁለት ፊደላት ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ የተሠራችውም ለገጠር ሥራ ነው። የኤንጂኗ መጠን 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ከፊትና ከኋላ መጫኛ ያላት፣ ካቴናዋ ከጭቃና ከአቧራ እንዲጠበቅ በቆርቆሮ ቤት የተሸፈነ፣ ሁለቱም ፍሬኖቿ የታምቡር የሆኑ ጠንካራ ሞተር ናት። የግብርና ባለሙያዎችና የእርዳታ ፕሮጀክቶች ሠራተኞች በየገጠሩ ሲነዷት ያላየ ያለ አይመስለኝም። የእኛዋም ሥራውን የጨረሰ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ካስወገዳቸው አንዷ ስትሆን፣ ወንድሜ የገዛት ጨረታውን ካሸነፈው ነጋዴ ነበር።

ሲገዛ ብቻውን አልሄደም። በሰፈራችን ሠላሳ ዓመት ያህል በሞተር ሥራ የቆዩ አንድ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እርሳቸውን ይዞ ሄደ። እርሳቸውም ኤንጂኑ ሳይሞቅ እንዲነሳ አደረጉ፤ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አመሳከሩ፤ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ፤ የኋላ ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ወዘወዙ፤ ማርሹን ሁሉ አስገቡ። ሁሉም ደህና ነበር። ቀለሟም አዲስ ስለነበር ታበራ ነበር። ከአዲሱ ቀለም ሥር ምን እንዳለ ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው የኮምቦልቻን ቁልቁለት ያውቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ በ1900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው የሚወረደው። ከጎን የጭነት መኪና፣ ከፊት ጭጋግ፣ በክረምት ደግሞ እርጥብ አስፋልት አለ።

ከማስነሳት በፊት ማቆም

ሞተሯ በገባች ማግስት ወንድሜ ኤንጂኑን ማስተካከል፣ ድምፁን ማሳመር፣ ፍጥነቷን መጨመር ፈለገ። ጋሼ ግን መፍቻቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ጎማው ሄዱና፣ "ስማ ልጄ፣ ያልተነሳች ሞተር ሰው አትገድልም። የምትገድለው ያልቆመችው ናት" አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ሕግ ይህ ሆነ፤ እናታችንም ወንድሜ ሊወጣ ሲል "ቁርስህን በልተሃል?" ከማለቷ በፊት "ፍሬኑን አይተሃል?" ማለት ለመደች።

የታምቡር ፍሬን አሠራሩ ቀላል ነው። በጎማው መሐል ከበሮ የመሰለ ባዶ ብረት አለ። በውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች ተቀምጠዋል፤ በላያቸውም ሸራ ተለጥፎባቸዋል። ፍሬን ሲያዝ ካቦው ወይም ዘንጉ አንዲት ትንሽ ብረት ያዞርና ሁለቱን ሸራዎች ወደ ታምቡሩ ግድግዳ ይገፋቸዋል። ሲለቀቅ ሞላዎቹ ይመልሷቸዋል። ይህንን ያወቀ ሰው ምን መመርመር እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል።

በመጀመሪያ የሸራውን ውፍረት ማየት ነው። በእንደዚህ ዓይነት ትናንሽ ሞተሮች አዲስ ሸራ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ሁለተኛ፣ ሸራው ዘይት ወይም ግሪስ ነክቶት እንደሆነ ማየት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ወፍራምም ቢሆን አይይዝም፤ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም አስተማማኝ ስለማይሆን መቀየር ይሻላል፤ ዘይቱ ከየት እንደመጣም መፈለግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ካቦው ነው። ካቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ጫፉ ላይ፣ እጀታው ውስጥ በተደበቀበት ቦታ ነው። ከቀጫጭን ሽቦዎቹ አንዷ እንኳ ተበጥሳ ከታየች ሌሎቹም እየተከተሏት ነውና አዲስ መግዛት ነው። ካቦውን ለማለስለስም የላይኛውን ጫፍ ነቅሎ ትንሽ የፌስታል ቁራጭ እንደ ማንቆርቆሪያ ዙሪያውን ማሰርና ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ነው፤ ዘይቱ በታችኛው ጫፍ ሲወጣ ሥራው አለቀ።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታምቡር ሲከፈት በውስጡ ጥቁር ብናኝ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ደግሞ እፍ ብሎ ያባርረዋል። በቀድሞ ጊዜ የተሠሩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር እስከማምጣት ይደርሳል። ስለሆነም ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ መጣል አለበት፤ ሕፃናትም በዚያች ሰዓት አጠገብ አይሁኑ።

ሸራው ጥሩ ሆኖም አነዳዱ ካልተስተካከለ ቁልቁለት ያሸንፋል። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሳይለቀቅ ሲያዝ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ታምቡር ደግሞ ኃይሉን ያጣል። በመሆኑም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ መግባት፣ ሁለቱን ፍሬኖች አንድ ላይ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ምት ኤንጂን ከባለ አራቱ ያነሰ ነው ወደ ኋላ የሚይዘው፤ ስለዚህ በማርሽ ብቻ መተማመን አይቻልም። በተጨማሪም በኤጂ 100 ላይ ዘይት የሚያደርሰው ፓምፕ ከጋዙ እጀታ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ጋዙን ጨርሶ ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ለኤንጂኑ የሚደርሰውን ዘይት ይቀንሳል። ነባር ነጂዎች በመሐሉ ጋዙን ጥቂት ከፈት የሚያደርጉት ለዚሁ ነው።

የሳምንቱ አንድ ሰዓት

ጋሼ ሞተራችንን በየጊዜው ሊያዩልን አይችሉም ነበር፤ ገንዘቡም አልነበረንም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት በግቢያችን ለሞተሯ ተመደበ። መሣሪያችን ጥቂት ነበር፤ የተለያየ ቁጥር ያላቸው መፍቻዎች፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የሽቦ ብሩሽና አሮጌ ጨርቅ። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው እኅታችን ደግሞ ደብተር ከፈተች። ቀኑን፣ ሞተሯ የሄደችበትን ኪሎ ሜትር፣ የታየውንና የተቀየረውን በአንድ መስመር ትጽፋለች። በመጀመሪያ ወንድሜ ይስቅባት ነበር፤ በኋላ ግን ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ ሲጠፋው የሚሮጠው ወደ እርሷ ነበር።

በዚያች ሰዓት የሚሠራው ይህ ነበር። ከፍሬኑ በኋላ ጎማ ይታያል፤ ነፋሱ፣ ጥርሱ፣ የተሰካ ምስማር ወይም ጠጠር። የቸርኬው ሽቦዎች በካቻቢቴ አንድ በአንድ መታ መታ ይደረጋሉ። የተወጠረ ሽቦ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የላላው ግን የደነቆረ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያም ካቴናው ይፈተሻል። የኤጂ 100 ካቴና በቤቱ ውስጥ ስለሚሄድ የሚታየው በመመልከቻ ቀዳዳው በኩል ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ካቴናው በመሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ ይገባዋል፤ የየሞተሩን ትክክለኛ ልክ መመሪያው ይናገራል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላው ደግሞ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። ጎማውን እያዞሩ በየቦታው መለካት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካቴና ሲያረጅ በሁሉም በኩል እኩል አይረዝምም።

ቀጥሎ ዘይት ነው። ይህች ሞተር ቤንዚንና ዘይት ቀላቅለው የሚሞሏት አይደለችም። ዘይቱ የራሱ ታንክ ስላለው ፓምፑ እየመጠነ ይልከዋል። ታንኩ ባዶ ከሆነ ግን ፒስቶኑ ይደርቅና ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፤ በዚያች ቅጽበት የኋላ ጎማው ይቆማል። ነጂው ፍሪሲዮኑን ወዲያው ካልያዘ መውደቁ ነው። ስለዚህ የዘይት ታንክ ማየት የኤንጂን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታንኩ አንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ ከነበረ ደግሞ መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ በቱቦው ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት።

ካንዴላው ራሱን የቻለ መምህር ነው። ሲፈታ ጫፉ የቡና ቀለም ካለው ቃጠሎው ጥሩ ነው፤ ከነጣ ሙቀት በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። የእኛው ዘወትር ይጠቁር ነበር፤ ምክንያቱንም ጋሼ አስረዱን። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለቆላ የተመጠነ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ሲመጣ አየሩ ያንስበታል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። መፍትሔውም ቤንዚን የሚያስገባውን ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነበር። ነገር ግን ወንድሜ ወደ ቆላም ስለሚወርድ ከልክ በላይ እንዲያንስ አልፈቀዱም። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኞቹ እንደዚህ ያሉ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ደግሞ በሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ዘይት ይቀባና ይጨመቃል። አቧራ ኤንጂን ውስጥ ከገባ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

እናታችን ያወጣቻቸው ሕጎችም ነበሩ። ሞተሯ ስትታይ የከሰል ምድጃ በግቢው ውስጥ አይያያዝም። ቤንዚን ለማጠቢያ አይውልም፤ በነጭ ጋዝም ቢሆን የሚታጠበው ደጅ ነው። ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና። ኤንጂን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሳም፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። እናታችን ይህን ሁሉ ያወቀችው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ልጆች ካሳደገ ሰው የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው።

በቤት የማይነካም ነበር። ሲሊንደር ማስሞረድ፣ የውስጥ ኩሽኔታ መቀየር፣ ሻንሲ መበየድ የባለሙያ ሥራ ነው። በቤት መጠገን ማለት ሁሉን በራስ መሥራት ማለት አይደለም፤ ችግሩን ቀድሞ አይቶ ለሚያውቀው ሰው በጊዜው ማድረስም ጥገና ነው።

ከቀለሙ ሥር

ሞተሯን ከገዛን ሁለት ወር አልሞላም። አንድ እሑድ መቀመጫዋንና የቤንዚን ታንኳን አንስተን ሻንሲውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እናጥብ ነበር። የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ወፈር ያለ መሆኑን እኅታችን አስተዋለች። በብሩሽ ሲፈተግ ቀለሙ ተሰነጠቀ። በሥሩ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮው ሲረግፍ ደግሞ በችኮላ የተበየደ አሮጌ ስብራትና በብየዳው ዳር የትንሽ ጣት ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ታየ። በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ዝገት ነበር። ይህም ስንጥቁ ከሽያጩ በፊት የነበረ መሆኑን ያሳያል።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ወንድሜ በዚህች ሞተር ላይ በእነዚያ ሁለት ወራት የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደወረደ ሁላችንም በልባችን እንቆጥር ነበር። እናታችን ዝቅ ብላ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ተነሥታም ወደ ቤት ገባች።

ሰውየው ስቱኮ ሲሞላ ስንጥቁን አይቶታል። ያላየውን ሰው ሊሞላው አይችልምና። ወንድሜ ሄዶ ሲጠይቀው "እኔ እንዳለች ነው የሸጥኩልህ" አለው፤ ከዚያ በላይ የተገኘ ነገር የለም።

ጋሼ ሞተሯን ወደ ባለሙያ በያጅ ወሰዷት። አሮጌው ብየዳ ተፈልፍሎ ወጣ፤ ስንጥቁ እስከ መጨረሻው ተከተለና እንደገና ተበየደ፤ በላዩም ማጠናከሪያ ብረት ተደረገበት። ከዚያ በኋላ ጋሼ ያሉት ቃል ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። "ስቱኮ አታድርጉበት። ወፍራም ቀለምም አትቀቡት። ስስ ጸረ ዝገት ብቻ ይበቃዋል። እንደገና የሚሰነጠቅ ከሆነ ስንጥቁ ይታያችሁ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ በደብተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ገባ። በየእሑዱ ያ ቦታ በባትሪ ብርሃን ይታያል፤ "ደህና" ተብሎ ይጻፋል። ከባድ ዕቃ በኋላ መጫኛው ላይ መጫንም ቀረ። ብየዳው አራት ዓመት ሙሉ አልተሰነጠቀም።

ሞተሯን ስንሸጥ

በ2006 ዓ.ም ወንድሜ ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ አገኘ። የመጀመሪያውን የኪራይ ገንዘብ ለመክፈል የተሰጠው ጊዜ አሥር ቀን ነበር፤ ያለን ሀብት ደግሞ ያቺው ሞተር ነበረች። ገዢ ሆኖ የመጣው ሃያ ዓመት እንኳ የሚሞላ የማይመስል የገጠር ልጅ ነው። አብረውት አጎቱ መጥተዋል። በሬ ሸጠው እንደመጡ ነገሩን። ሞተሯን ነዳት፤ ወደዳት፤ በዋጋውም ተስማሙ። ገንዘቡን ነገ ይዘን እንመጣለን ብለው ሄዱ።

የዚያን ማታ በቤታችን ውስጥ ክርክር ሆነ። ወንድሜ፣ "ለእኛ ማን ነገረን? ደግሞ እኛ አሠርተነዋል፤ አራት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ምንም አልሆነም። ብንነግራቸው ይፈራሉ፤ ሱቁም ይቀራል" አለ። የተናገረው ነገር መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ብየዳው በእርግጥ ጠንካራ ነበር። ነገር ግን አባታችን፣ "ጠንካራ ከሆነ ለምን ትደብቀዋለህ?" ሲሉ ጠየቁት። እናታችንም፣ "ልጄ፣ ያ ልጅም እናት አለው። እኔ ያንን ስንጥቅ በጣቴ ስዳስስ ምን እንደተሰማኝ አንተ አታውቅም። ልጁ ደግሞ የት ቦታ ማየት እንዳለበት ካልተነገረው ማን ያይለታል?" አለችው።

ያገለገለ ዕቃ በምንሸጥበት ጊዜ ነውሩን መግለጽ ግዴታ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ በየመድረሳው ሰምተነዋል። በፊቅህ ኪታቦች ዐይብ የሚባለው የዕቃው ዋጋ የሚቀንስበት ጉድለት ሲሆን፣ ሻጩ ደብቆት ከተገኘ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ተጽፏል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። የሚከብደው ማወቁ ሳይሆን የኪራይ ቀነ ገደብ በር ላይ ቆሞ ሳለ መናገሩ ነው። ወንድሜ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ "እሺ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለ።

በማግስቱ አጎትየው ገንዘቡን ከጋቢያቸው ሥር ሳያወጡ ወንድሜ፣ "አባባ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ የማሳይዎት ነገር አለ" አላቸውና መቀመጫውን አነሳ። ብየዳውን አሳያቸው፤ እንዴት እንዳገኘነው፣ የት እንደተሠራ፣ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚታይ ነገራቸው። እኅታችንም ደብተሩን አመጣች። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም "እንግዲያውስ እናስብበት" ብለው ልጁን ይዘው ሄዱ። ልጁ እስከ በሩ ድረስ ዞር እያለ ሞተሯን ያያት ነበር።

ሁለት ቀን አለፈ። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ምግቡን በአግባቡ አልበላም። በሦስተኛው ቀን አጎትየው ከሚያምኑት መካኒክ ጋር ተመልሰው መጡ። መካኒኩ ተንበርክኮ ብየዳውን መረመረ፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ደብተሩንም ገለጠ። በመጨረሻ "የታወቀ ስብራት ካልታወቀ ደህንነት ይሻላል፤ ይግዟት" አላቸው። ከተስማማነው ዋጋ ላይ አሥር በመቶ ያህል ተቀነሰ። የጎደለውን የኪራይ ገንዘብ እኔ ከቁጠባ ማኅበር ተበድሬ ሞላሁት፤ ብድሩንም ወንድሜና እኔ አንድ ዓመት ከፈልነው። ዕዳው ቀላል አልነበረም። ይሁንና በዚያ ዓመት የኮምቦልቻን መንገድ በመኪና ስንወርድ ከፊታችን ሞተር ባየን ቁጥር ልባችን አልደነገጠም። ደብተሩ ከሞተሯ ጋር ሄደ። እኅታችን ባዶዎቹን ገጾች ለልጁ አሳይታ፣ "ከዚህ ቀጥል" አለችው።

ለቤተሰቦች

ውድ አንባቢያን፣ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ካለ የሚከተለውን ልብ ቢል መልካም ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞተር ስታዩ አትደሰቱ፤ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ሻንሲው በመሪው አንገትና በኋላው ሹካ አካባቢ መቀመጫውና ታንኩ ተነሥቶ፣ ቢቻል ታጥቦ ይታይ። ሻጩ ይህንን እንድታደርጉ ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው። ከገዛችሁም በኋላ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተርና ጥቂት መፍቻ ይበቃል። ነጂውም ለቅርብ መንገድ ነው ሳይል ሄልሜቱን ይልበስ፤ ማሰሪያውንም ይሰር።

ወጣቶችም ሆይ፣ ሞተር መንዳት ብቻ ሳይሆን መፍታትና መመልከት ተማሩ። እህቶቻችሁንም ከዚያች ሰዓት አታርቋቸው፤ እኛ ቤት ስንጥቁን ያየችው ከሁላችን በፊት እኅታችን ናት። ለመሸጥ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ያያችሁትን ሁሉ ንገሩ። በእጃችሁ ፈትታችሁ ያወቃችሁት ነውር የእናንተ ሆኖ አይቀርም፤ ያቺ ሞተር ነገ ይዛው የምትወርደው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እስከዚያው ግን በግቢያችሁ ሞተር የቆመች ከሆነ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ውጡና ፍሬኗን እዩ።